«የሚሠራን ሰርቨር አትንካ» ጥንቃቄ አይደለም

ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። ሰርቨር ለምታስተዳድሩ ልጆች ነው የጻፍኩት፤ ከእነሱ በላይ ግን ለአለቆቻቸው ነው። ከአለቆች ግማሾቻችሁ ትናደዱ ይሆናል። ተናደዱ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

በየመሥሪያ ቤቱ አይቲ ክፍል እንደ ጸሎት የሚደገም አንድ አባባል አለ፦ «የሚሠራን ነገር አትንካ።» አዲስ ልጅ ሲቀጠር ፓስዎርድ ሳይሰጠው ይሄ ይነገረዋል። ጥግ ላይ ያለውን ሰርቨር በጣት ያሳዩትና «እሱን ብቻ እንዳትነካው፤ ያቆመው ልጅ አሁን ካናዳ ነው» ይሉታል። ልጁም አይነካውም። ሦስት ዓመት ይሠራል፤ በተራው ሥራ ይለቃል፤ ለሚተካው ልጅ ያንኑ ሰርቨርና ያንኑ ቃል አውርሶ ይሄዳል።

ይባስ ብሎ የሚኮሩበትም አሉ። «የእኛ ሰርቨር እኮ 1,200 ቀን ሳይጠፋ ሠርቷል!» ወንድሜ፣ ላይቭፓች የሚባለውን ካልተጠቀምክ በስተቀር፣ 1,200 ቀን ያልጠፋ ሰርቨር ማለት ከሦስት ዓመት በላይ የከርነል ጥገና ሳያገኝ የኖረ ሰርቨር ነው። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ አልነሳ ቢል፣ ሰርቨሩ ተመልሶ ይነሳ አይነሳ የሚያውቅ ሰው በመሥሪያ ቤቱ የለም ማለትም ነው። ይሄ የሚያኮራ ነገር ነው እንዴ?

ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። «አትንካው» የሚባለው ነገር ዕዳን ለሚቀጥለው ሰው ማስተላለፍ ነው። ሰው የሚፈራው አፕግሬዱን ራሱን አይመስለኝም። ባክአፑ እንደማይመለስ በልቡ ያውቃል፤ መሞከሪያ ማሽን የለውም፤ ነገሩ ከተበላሸ ደግሞ ደብዳቤው በማን ስም እንደሚጻፍ ያውቃል። የሚፈራው እነዚህን ሦስቱን ነው። ሦስቱ ከተስተካከሉ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማሻሻል እንደ መኪና ሰርቪስ ተራ ሥራ ይሆናል። ካልተስተካከሉ ግን ነካነውም አልነካነውም አደጋ ላይ ነን።

ቀኑ እኮ አልፏል

እስቲ የራሳችሁን ሰርቨር አስቡና እነዚህን ቀኖች ተመልከቱ። ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሴንትኦኤስ 7 ድጋፉ ያበቃው ሰኔ 30 ቀን 2024 ነው፤ በእኛ ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለት ነው። ሴንትኦኤስ 8 ደግሞ ከእሱም ቀድሞ፣ በ2021 መጨረሻ ላይ ነው የሞተው። ኡቡንቱ 18.04 መደበኛ ድጋፉ በግንቦት 2023፣ 20.04 ደግሞ በግንቦት 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ጥቅምት 10 ቀን 2023 ላይ ተዘግቷል። ገንዘብ ከፍሎ ተጨማሪ ድጋፍ የገዛ ሊኖር ይችላል፤ እናንተ ግን ከፍላችኋል?

«ድጋፉ አበቃ» ሲባል ብዙ አለቃ የሚረዳው «ስልክ ደውለን መጠየቅ አንችልም» ብሎ ነው። «ድሮስ መቼ ደውለን እናውቃለን?» ይላል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። አዲሱና አሮጌው ቨርዥን አብዛኛውን ኮድ ይጋራሉ። አዲሱ ላይ ቀዳዳ ሲገኝ ፓች ይወጣል፣ ዝርዝሩም ለዓለም ሁሉ ይታተማል። ያው ቀዳዳ አሮጌው ላይ ካለ፣ ለአዲሱ የወጣው ፓች ለሌባው ካርታ ሆኖ ያገለግለዋል። የት እንደሚቆፍር ተጽፎለታል። እናንተ ጋ ደግሞ የሚደፍነው የለም።

ፓች ወጥቶ ሳይገባ መቅረት ምን እንደሚያስከትል ዓለም በ2017 አይቷል። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስን ቀዳዳ የሚደፍነውን ፓች ያወጣው መጋቢት 14 ቀን ነበር። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የተለቀቀው ግንቦት 12 ነው። መካከሉ 59 ቀን! በ59 ቀን ውስጥ ያልነኩት ሁሉ ተነኩ። በእንግሊዝ ከ236 የጤና ተቋማት ቢያንስ 81ዱ ታወኩ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ የሕክምና ቀጠሮዎች ተሰረዙ። በዚያ ቀን «የሚሠራን ነገር አትንካ» ያለው ሰው በሽተኛውን ምን ብሎ እንደሚመልሰው አስቡት።

«የእኛ ሰርቨር ኢንተርኔት ላይ አይደለም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ዋናክራይ እኮ አንዴ ከገባ በኋላ የሚዛመተው በውስጥ ኔትወርክ ነበር። ሰርቨራችሁ ኢንተርኔት ላይ ባይሆንም የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር ኢንተርኔት ላይ ነው፤ የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር ደግሞ ሰርቨሩን ያየዋል። ፍላሽ ዲስኩን ደግሞ ተዉት፣ እሱን አልናገርም።

«ነክተን ተበላሽቶብን ያውቃል»

ይሄኛው ክርክር ክብር ይገባዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። በአንድ ሌሊት ሰዎች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ አወጡ፤ የባንኩ አገልግሎት ለሰዓታት ተቋረጠ። ብሔራዊ ባንክ ነገሩ ከጥገናና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጾ ነበር። ከዚያ በኋላ በየሻይ ቤቱ የሰማሁት ትምህርት «አያችሁ፣ መነካካት ነው ጥፋቱ» የሚል ነው። ባንክ ግን ጥገና ሳያደርግ ሊኖር አይችልም። ከዚያ ሌሊት መማር ያለብን በሚሠራ ሲስተም ላይ የሚደረግ ለውጥ የሕዝብ ጉዳይ መሆኑን ነው። ልምምድ፣ ምስክርና መመለሻ መንገድ ይፈልጋል።

ሳይዘጋጁ መንካት ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ የእንግሊዙ ቲኤስቢ ባንክ አለ። በሚያዝያ 2018 ደንበኞቹን ሁሉ ወደ አዲስ ሲስተም በአንድ ቅዳሜና እሑድ አዛወረ። እስከ 1.9 ሚሊዮን ደንበኛ ሒሳቡን መክፈት አልቻለም፤ ችግሩም በአንድ ሳምንት የሚያልቅ አልሆነም። በኋላ የወጣው ገለልተኛ ምርመራ ሲስተሙ ዝግጁ እንዳልነበረና ሙከራው በቂ እንዳልነበር ተናገረ። በታኅሣሥ 2022 ባንኩ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ። ቀጥሎ የመጣውን ልብ በሉልኝ፦ በ2023 ተቆጣጣሪው የባንኩን የቀድሞ የቴክኖሎጂ ኃላፊ በግሉ 81,620 ፓውንድ ቀጣው። የሌሊት ተረኛውን ልጅ አይደለም። ኃላፊውን!

ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ለደፋሮቹም አለኝ

ሁሉንም በአለቃ ላይ እንዳላላክክ፣ የእኛው ሙያ ጀግኖችም አሉ። ዓርብ ማታ ሁሉም ከሄደ በኋላ ከኢንተርኔት የተቀዳ ትእዛዝ ለጥፎ፣ በመጣለት ጥያቄ ላይ ሁሉ «ዋይ» እየተጫነ የሚያልፍ። ባክአፕ ስትሉት «ስናፕሾት ወስጃለሁ» የሚል። ስናፕሾቱ ያለው እዚያው ዲስክ ላይ ነው! ዲስኩ ከሄደ አብሮ ይሄዳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ሰርቨር ላይ ግን የፈሰሰው ሁሉ አይለቀምም። እንደዚህ ያለው ሰው «አትንካው» ለሚሉት ትልቁ መከራከሪያቸው ነው። በሙያው ስም ሙያውን ያስጠላል።

ታዲያ እንዴት ይነካ?

እኔ ያልፈጠርኳቸው፣ ግን ብዙ ቦታ ሲዘለሉ የማያቸው አምስት ነገሮች አሉ።

1. ተመልሶ የታየ ባክአፕ። ባክአፕ ማለት ፋይሉ መኖሩ አይደለም። ሌላ ማሽን ላይ ተመልሶ፣ አፕሊኬሽኑ ተከፍቶ፣ የትናንቱ የመጨረሻ ግብይት ታይቶ ነው ባክአፕ የሚባለው። ጊትላብ በጥር 2017 አንድ መሐንዲሱ በስህተት ዋናውን ዳታቤዝ አጠፋበት። አምስት ዓይነት የባክአፕና የቅጂ ዘዴ ነበራቸው፤ አንዱም በሚያስፈልግበት ሰዓት በትክክል አልሠራም። አንደኛው ዘዴ ያልሠራበት ምክንያት ከእኛ ርዕስ ጋር ቀጥታ ይገናኛል፦ ዳታቤዙ አዲስ ቨርዥን ሆኖ ሳለ ባክአፕ የሚወስደው ፕሮግራም አሮጌ ቨርዥን ነበር፤ ስለዚህ በየቀኑ በዝምታ ይከሽፋል። የክሽፈቱ ኢሜይልም ለማንም አይደርስም። ያዳናቸው አንድ ሠራተኛ ለሌላ ሥራ ብሎ ከስድስት ሰዓት በፊት የወሰደው ቅጂ ነው። ዕድል ነው በቃ። እናንተ በዕድል ላይ ነው የምትተዳደሩት?

2. ምንም ሳትነኩ መጀመሪያ ሪቡት አድርጉ። ይሄ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ጭቅጭቅ የሚያስቀረው እሱ ነው። ለዓመታት ያልጠፋ ሰርቨር ላይ አንድ ሰው በእጁ ያስነሳው ሰርቪስ፣ በእጁ ያገናኘው ዲስክ ይኖራል፤ ሲጠፋና ሲነሳ በራሱ አይመለስም። አፕግሬድ አድርጋችሁ ከዚያ ሪቡት ብታደርጉና ሰርቪሱ ባይነሳ «አፕግሬዱ አበላሸው» ይባላል። አስቀድማችሁ ሪቡት ካደረጋችሁ ግን የድሮው ችግር የድሮ መሆኑ ይታወቃል። አንዱ የሌላውን ኃጢአት አይሸከምም።

3. በግልባጩ ላይ ተለማመዱ። የሰርቨሩን ግልባጭ ሌላ ማሽን ላይ አስነሱና ሙሉውን ጉዞ እዚያ ተጓዙ። ለምን? ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ብቻውን አይቀየርማ! ኡቡንቱ 18.04 ላይ የነበረው ፒኤችፒ 7.2 ነው፤ 22.04 ላይ 8.1 ይሆናል። በሰባቱ ጊዜ የተጻፈ የመዝገብ ሲስተም ስምንቱ ላይ ነጭ ገጽ ሊያሳያችሁ ይችላል። ማይኤስኪውኤል ከ5.7 ወደ 8 ይዘላል። የድሮ የምስጠራ ዘዴዎች ይዘጋሉ፤ ከእናንተ ጋር መረጃ የሚለዋወጠው የሌላ መሥሪያ ቤት አሮጌ ሲስተም በድንገት መገናኘት ያቅተዋል።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ድምፅ የሌለው ብልሽት ነው። አንዱን ልንገራችሁ። ሊኑክስ ላይ ፊደላትን በቅደም ተከተል የሚደረድረው ጂሊብሲ የሚባል መሠረታዊ ላይብረሪ ነው። በ2018 የወጣው 2.28 ቨርዥን ይሄን አደራደር ቀየረው። ከሴንትኦኤስ 7 ወደ 8፣ ወይም ከኡቡንቱ 18.04 ወደ 20.04 የሄደ ሰው ይሄን መስመር ተሻግሯል። ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ካላችሁ፣ የስም ኢንዴክሱ የተሠራው በአሮጌው አደራደር ሊሆን ይችላል፤ ሲፈለግ ግን በአዲሱ ነው የሚፈለገው። ውጤቱስ? ሰውየው ዳታቤዙ ውስጥ አለ፤ ስሙን ስትፈልጉት ግን «የለም» ይላችኋል። መደገም የሌለበት መዝገብም ሁለት ጊዜ ሊገባ ይችላል። ሰርቨሩ ተነስቷል፣ ገጹ ይከፈታል፣ ሁሉም ተጨብጭቦለት ወደ ቤቱ ሄዷል። ከሳምንት በኋላ አንዲት እናት መስኮቱ ጋ ቆማ «ፋይልሽ የለም» ትባላለች። መፍትሔው ኢንዴክሶቹን እንደገና መሥራት ነው፤ አንድ ትእዛዝ ነው። ግን ማወቅን ይፈልጋል፣ ማወቅ ደግሞ ቀድሞ ማንበብና መለማመድን።

4. ከተቻለ አዲስ ሰርቨር ጎን ለጎን አቁሙ። አሮጌውን እዚያው ላይ ከመቀየር አዲሱን ንጹህ ሰርቨር ሠርታችሁ፣ መረጃውን አዛውራችሁ፣ ተጠቃሚውን ወደ አዲሱ መምራት ይሻላል። አሮጌው ሳይነካ ይቀመጣል። እዚያው ላይ መሥራት ግድ ከሆነ ደግሞ ደንቡን አክብሩ። ኡቡንቱ ከአንድ የረጅም ጊዜ ቨርዥን ወደ ቀጣዩ ብቻ ነው የሚሄደው፤ ከ18.04 ወደ 24.04 ሦስት እርከን ነው፣ አይዘለልም። ከሩቅ ሆናችሁ በኤስኤስኤች ስትሠሩ መስመሩ ቢቋረጥ መግቢያ እንዲኖራችሁ ማሻሻያው ፖርት 1022 ላይ ተጨማሪ በር ይከፍታል፤ ፋየርዎላችሁ ግን ዘግቶት ከሆነ በሩ የለም ማለት ነው። የኢንተርኔታችንን ጠባይ እያወቃችሁ ይሄን ሳታዩ አትጀምሩ። መሀል ላይ «የራስህን የማዋቀሪያ ፋይል ላቆይ ወይስ አዲሱን ላስገባ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ መልሱ ልምምዱ ላይ የተጻፈ መሆን አለበት። ሌሊት እንቅልፍ እያዳፋ የሚወሰን ነገር አይደለም።

5. የመመለሻ ሰዓት። ይሄን ከሁሉም አስበልጣችሁ ያዙልኝ። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምረን እስከ 11 ሰዓት ካልተነሳ ወደ አሮጌው እንመለሳለን» ብላችሁ ቀድማችሁ ጻፉ፤ ኃላፊው ይፈርምበት። ምክንያቱም ጠዋት ቢሮው ተከፍቶ ሰው አዲሱ ሰርቨር ላይ መመዝገብና መክፈል ከጀመረ በኋላ ወደ አሮጌው መመለስ ማለት የዚያን ጠዋት ሥራ መጣል ማለት ነው። ያ መስመር ከታለፈ መመለሻ የለም። ሰዓቱን ስትጽፉ ደግሞ የማንን ሰዓት እንደሆነ ግልጽ አድርጉ። የእኛ ሌሊት 8 ሰዓት ለውጭ አገሩ አቅራቢ ከሌሊቱ 2 ነው፤ በዩቲሲ ለተዋቀረው ሰርቨር ደግሞ ገና የትናንት ምሽት 23 ሰዓት ነው። የሌሊቱ ባክአፕ በአፕግሬዱ መሀል እንዳይነሳ ይሄን ቁጭ ብሎ ማስላት ነው። ቀኑንም ምረጡ፤ ደመወዝ የሚከፈልበት ሳምንት፣ የሰኔ መጨረሻ የበጀት መዝጊያ፣ የበዓል ዋዜማ አይነካም። ጠዋት ደግሞ ሰው በሥራ ላይ የሚገኝበት ቀን ይሁን።

ጥፋተኛው ማነው?

አሁን ወደ አለቆች ልመለስ። የማውቀው አንድ ልጅ፣ መሥሪያ ቤቱን አልጠራም፣ መሞከሪያ ማሽን እንዲገዛለት ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠየቀ። «በጀት የለም» ተባለ። አራተኛው ላይ የመጣው ኦዲት ሰርቨሩ ድጋፍ የሌለው መሆኑን አገኘና «በአስቸኳይ ይሻሻል» የሚል ትእዛዝ ወረደ። ልጁ ያለ ልምምድ፣ ያለ ግልባጭ በአንድ ሌሊት ሠራው። ጠዋት ሲስተሙ አልተነሳም፤ ሁለት ቀን ፈጀ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የደረሰው ለማን ነው? ለልጁ። ሦስቱን ማመልከቻ ዴስኩ ውስጥ ያስቀመጠው ኃላፊስ? የምርመራ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሆኖ ተመደበ።

አያችሁ ሒሳቡን? ላለመንካት ቅጣት የለም፤ ለመንካት አለ። ሰርቨሩን ስምንት ዓመት ሳይነካ የኖረ ሰው «የተረጋጋ ባለሙያ» ይባላል፤ አንድ ቀን የነካው «ጥንቃቄ የጎደለው» ይባላል። እንዲህ ባለ ቤት ብልህ ልጅ ምን ያደርጋል? አይነካም። ፓስፖርቱን ያወጣል። ጊትላቦች ዳታቤዙን ያጠፋውን መሐንዲስ ምን አደረጉት? ስሙ የሌለበት ሪፖርት አወጡ፤ ጥገናውን በቀጥታ ለሕዝብ እያሳዩ ሠሩ፤ ጥያቄያቸው «አሠራራችን እንዴት ይሄን ፈቀደ?» የሚል ነበር። እኛ ግን «ማነው?» ብለን ጀምረን «ማነው?» ላይ እንጨርሳለን።

«በጀት የለም» የሚለውንም እንነጋገርበት። ለመሞከሪያ አዲስ ሰርቨር አያስፈልግም። መጋዘን ውስጥ አቧራ የለበሰ ዴስክቶፕ፣ ትንሽ ራም፣ አንድ ዲስክና በነፃ የሚገኝ የቨርችዋል ማሽን ሶፍትዌር ይበቃል። ለአንድ ቀን ስብሰባ የሻይ ቡናና የአበል ወጪ የሚያንስ ገንዘብ ነው። እውነቱን ስናወራ የጠፋው ገንዘብ አይደለም። ምንም ሳይበላሽ ለሚሠራ ሥራ ገንዘብ ማውጣት የሚያሳፍር መስሎን ነው። ሲበላሽማ የአስቸኳይ ግዢ ይፈቀዳል፤ ያኔ በጀቱ ከየት እንደመጣ ማንም አይጠይቅም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ስለዚህ አለቆቼ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምናችሁ። ሰኞ ቢሮ ስትገቡ ልጆቹን አትቆጡ፤ ሦስት ጥያቄ ጠይቋቸው። የትኛው ሰርቨራችን ነው ድጋፉ ያበቃው? ባክአፑን ለመጨረሻ ጊዜ መልሳችሁ ያያችሁት መቼ ነው? ለመለማመድ ምን ይጎድላችኋል? ከዚያ የሦስተኛውን መልስ ጻፉትና ፈርሙበት። ፊርማው የእናንተ ይሁን። ልጁ ሌሊት ሲሠራ ኃላፊነቱን የወሰደ ሰው እንዳለ ይወቅ።

እናንተ ልጆች ደግሞ፣ ጥያቄያችሁን በቃል አትተዉት፤ በጽሑፍ አቅርቡ፣ ቀን ጻፉበት፣ ግልባጭ ያዙ። የልምምዱን እያንዳንዱን እርምጃ መዝግቡ። ያቆማችሁትን ሰርቨር የሚረከባችሁ ልጅ ካናዳ እየደወለ መጠየቅ የለበትም።

ሳይቃጠል በቅጠል።

በእናንተ መሥሪያ ቤት «እንዳይነካ» የተባለው ሰርቨር ስንት ዓመቱ ነው? የመሥሪያ ቤቱን ስም ሳትጠሩ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። አለቃ ካላችሁም ሼር አድርጉለት፤ ታግ ለማድረግ የምትፈሩ ከሆነ ደግሞ ያው ችግሩ እሱ ነው።